የገበሬ ደንበኛ አያያዝ፤ በከተማው ዳርቻ ለምንኖር

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። በረንዳዬ ላይ ቆሜ ሳይ ማሳ ይታየኛል። ሐምሌ ላይ በሬ ጠምደው ጭቃውን ሲያርሱ፣ ኅዳር ላይ ጤፉን አጭደው ሲከምሩ ቡናዬን እየጠጣሁ አያለሁ። እንዲያም ሆኖ ለሦስት ዓመት ያህል ጤፍ የምገዛው መሃል ከተማ ሄጄ ነበር። እህሉ በደላላ፣ በጅምላ ነጋዴ፣ በቸርቻሪ እጅ ሲያልፍ ዋጋው እየጨመረ፣ ከተማውን ዞሮ ተመልሶ ደጃፌ ይመጣል። አንድ ቀን ከበረንዳዬ ሁልጊዜ የማያቸውን አባት ወርጄ ሰላም አልኳቸው። «ጤፉን የት ነው የሚሸጡት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «መኪና መጥቶ ይወስደዋል፤ ወዴት እንደሚሄድ እኔ አላውቅም» አሉኝ። እኔም የምበላው ከየት እንደሚመጣ አላውቅም ነበር።

ያን ዓመት ጥር ላይ አንድ ኩንታል ከእሳቸው ገዛሁ። እስካሁን የምንበላው የእሳቸውን ጤፍ ነው። ከዚያ የወተት ደንበኛ ያዝኩ፣ ቀጥሎ የአትክልት። እንዴት እንደያዝኳቸው፣ በየትኛው ወር ምን እንደምገዛ፣ የት የት እንደተሳሳትኩ ልንገራችሁ። ዋናው ምክሬ አንድ ነው፦ ደንበኛ ያዙ። ሲረክስም ሲወደድም፣ በጾሙም በፍስኩም የማትለዩት አንድ ገበሬ ይኑራችሁ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

በራችሁን እወቁ

ሩቅ አትሂዱ። ከቤታችሁ በኩል ያለው የከተማው መውጫ ምን እንደሚያበቅል ማወቅ ይበቃል። በእንጦጦ በኩል ወደ ሱሉልታና ጫንጮ ከወጣችሁ አገሩ ደጋ ነው፤ ወተት፣ ድንች፣ ገብስና ባቄላ ታገኛላችሁ። በቡራዩ በኩል ወደ ሆለታ ስትሄዱም ወተትና ድንች አለ፣ ማርም እንደዚሁ። ሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ ጃለኔ፣ ጉደኔ፣ በለጠ የሚባሉት የድንች ዝርያዎች ከዚያ የወጡ ናቸው። ድንች ስትገዙ «ዝርያው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ያመረተው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስሙን ጠርቶ ይነግራችኋል። ከሰበታ ወደ ተፍኪ የበቾ ሜዳ ይጀምራል። ጥቁር አፈር ነው፤ ጤፍ፣ ሽምብራና ጓያ ይበዛበታል። በእኛ በኩል ገላን፣ ዱከምና ቢሾፍቱ የአዳ ጤፍ አገር ነው፤ ስንዴውም፣ ሽምብራውም፣ ምስሩም፣ እንቁላሉም እዚሁ አለ። በለገጣፎ በኩል ሰንዳፋ ደግሞ በወተቱ ይታወቃል።

እያንዳንዱ ከተማ የገበያ ቀን አለው። የባጃጅ ሹፌር ወይም ወፍጮ ቤት ጠይቁ፣ ቀኑን ይነግሯችኋል። በመጀመሪያው ቀን ብዙ ለመግዛት አትሂዱ። ዙሩ፣ እዩ፣ ትንሽ ትንሽ ግዙ። ገበሬውን ከነጋዴው መለየት ከባድ አይደለም፦ ፊት ለፊቱ ቲማቲም፣ ብርቱካን፣ አቮካዶና ካሮት አንድ ላይ የደረደረ ሰው ነጋዴ ነው። ነጋዴ መሆኑ ነውር አይደለም፣ እሱም ልጆቹን ያሳድግበታል፤ ዛሬ የምንፈልገው ግን እሱን አይደለም። ገበሬዋ አንድ ወይም ሁለት ነገር ብቻ ይዛ ትመጣለች፦ ሁለት ጆንያ ድንች፣ ሦስት እስር ጎመን፣ አንድ ዘንቢል እንቁላል። እጇ ላይ አፈሩ አለ። ጠጋ ብላችሁ «የእርስዎ ነው እናቴ? መቼ ነው የተነቀለው?» በሉ። የራሷ ከሆነ ስለ ማሳው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዘሩ ሳትጠይቋት መናገር ትጀምራለች።

በዙሪያችን ያለው ገበሬ አብዛኛው አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ነው። ብዙዎቹ አማርኛ ይችላሉ። እናንተ ግን «አካም ጅርቱ» ብላችሁ ሰላምታ ስጡ፣ «ሜቃ» ብላችሁ ዋጋ ጠይቁ፣ ስትለያዩ «ገላቶማ» በሉ። ትልቅ ሰው ከሆኑ ወንዱን «ኦቦ»፣ ሴቷን «አዴ» ብላችሁ ጥሩ። አምስት ቃል ናት። እኔ በእነዚህ አምስት ቃላት ያገኘሁትን መስተንግዶ በገንዘብ አላገኘውም ነበር።

ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ወደዚያችው ሴት ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን ስልክ ተለዋወጡ። ከዚያ በኋላ «ቅዳሜ ምን ይኖራል?» ብሎ መደወል ነው። አሁን ብዙዎቹ ቴሌብር አላቸው፣ ጥሬ ብር ይዞ መዞርም ቀንሷል። ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ ካጋጠማችሁ መጀመሪያ በትንሹ ሞክሩ፤ ለማታውቁት ሰው የአንድ ኩንታል ብር አስቀድማችሁ አትላኩ።

ማሳውን ማየት ከፈለጋችሁ ቀኑን ምረጡ። ኅዳር ላይ አጨዳ ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ እርሻና አረም ነው፤ ያኔ እንግዳ መቀበል ከባድ ነው። ክርስቲያን ገበሬ ከሆነ የወሩ 12 ወይም 21 ቀን፣ በሚካኤል ወይም በማርያም፣ ከእርሻ ስለሚያርፍ ቤት ይገኛል። በዚያን ቀን ግን «ትንሽ ድንች ንቀሉልኝ» እንዳትሉ። እሸት ደግሞ ሳታስፈቅዱ አትቅጠፉ። «ውሰዱ፣ ብሉ» ይላሉ፣ ባህላቸው ነው፤ መጠየቅ ግን የእናንተ ነው።

በዋጋ ላይ አንድ ነገር ልበል። እኛ ከተሜዎች ሱፐርማርኬት ገብተን የተለጠፈውን ዋጋ ዝም ብለን ከፍለን እንወጣለን። ለመደበኛ ማኪያቶ አንከራከርም። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስታ አህያ ነድታ የመጣችውን ሴት ግን በአንድ እስር ጎመን አሥር ደቂቃ እናደርቃታለን። ይሄ ያመኛል። የጠራችው ዋጋ ከከተማው የረከሰ ከሆነ ክፈሉ። ከፈለጋችሁ «መርቂልኝ» በሉ፤ እሷም እፍኝ ትጨምርላችኋለች፣ ሁለታችሁም ደስ ብሏችሁ ትለያያላችሁ። ጎባጣውን ካሮትና ትንንሹን ድንች አትግፉት። ገበሬው የሚከስረው ነጋዴው መርጦ በተወው ምርት ነው፤ ለወጥ ሲከተፍ ደግሞ ልዩነቱ አይታይም።

ላሟ አትጾምም

ስለ ወተቱ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ደንበኝነት ምን ማለት እንደሆነ የተማርኩት እዚያ ነው።

የወተት ደንበኛዬ እማማ አምስት ላም ነበሯቸው። በየቀኑ ጠዋት ሁለት ሊትር እወስዳለሁ። የመጀመሪያው ዓመት ሁዳዴ ሲገባ፣ እንደ ጎረቤቶቼ ሁሉ፣ «እማማ፣ እስከ ፋሲካ አልወስድም» አልኳቸው። ለእኔ ተራ ነገር ነበር። እሳቸውም «እሺ ልጄ፣ ላሟ ግን አትጾምም» አሉኝ። ቃሉ ሆዴ ውስጥ ቀረ፣ ግን አልገባኝም። ከፋሲካ በኋላ ማሰሮዬን ይዤ ስሄድ በረቱ ውስጥ አራት ላም ነው ያለው። በ55 ቀን ውስጥ ወተቱ ሲተርፍባቸው፣ ሰብሳቢውም ኮታ ሲቀንስባቸው፣ ለመኖ የሚሆን ብር አጥተው አንዷን ሸጠዋል። የምትታለብ ላም። እኔና አምሳያዎቼ ነን ያሸጥናት።

ኦርቶዶክስ በዓመት ግማሽ ለሚሆነው ጊዜ ይጾማል። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ሁዳዴ አለ፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት፣ ከነሐሴ 1 የፍልሰታ። ላሟ በእነዚህ ቀኖች ሁሉ ትታለባለች፤ ፉርሽካና ፋጉሎም ትበላለች። ጾሙ እንዳይቀር፣ ባለ ላሟም እንዳትጎዳ ከፈለጋችሁ መንገዱ ይሄው፦

መጀመሪያ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከሁዳዴ ሁለት ሳምንት በፊት «ከሁለት ሊትር ወደ አንድ እቀንሳለሁ፣ አላቋርጥም» በሉ። ቁርጥ ያለ ነገር ሲያውቁ ያቅዱበታል። ቤት ውስጥ የማይጾሙ ሕፃናትና ሕመምተኞች ካሉ የእነሱ እንዳለ ይቀጥላል። የተረፈውን ከጎረቤት ጋር ተካፈሉ። እኛ ብሎክ ላይ ሁለት ሙስሊም ቤተሰቦች አሉ፤ በሁዳዴ የእኔን ድርሻ እነሱ ይወስዳሉ፣ ረመዳን ሲሆን ደግሞ ለማፍጠሪያ ተጨማሪ እንዲመጣላቸው እኔ እደውልላቸዋለሁ።

ሁለተኛው ቅቤ ነው። ጾሙ ሲጋመስ ወተቱን ማጠራቀም እጀምራለሁ። ለአንድ ኪሎ ቅቤ ከ15 ሊትር በላይ ወተት ስለሚፈልግ ብቻዬን አልሞክረውም፣ ሦስት ቤት ሆነን ነው። ዕቃውን በወይራ አጥናችሁ ወተቱ ውስጡ ሁለት ሦስት ቀን እስኪረጋ ጠብቁ። ከዚያ መናጥ ነው። ቅቤው ሲወጣ አሬራውን በዝግታ እሳት አሙቁት፣ አይቡ ከላይ ይንሳፈፋል። ቅቤውን በኮሰረት፣ በኮረሪማና በአብሽ አንጥራችሁ ካስቀመጣችሁ የፋሲካው ዶሮ ወጥ በእማማ ቅቤ ይሠራል። ለመናጥ ጊዜ ከሌላችሁ እሳቸው ራሳቸው ንጠው እንዲሸጡላችሁ ተስማሙ፤ ዋጋው ከፋሲካ ዋዜማ ገበያ ሁልጊዜ ይሻላል፣ ቅቤው ውስጥ ሌላ ነገር መደባለቁንም አትጠራጠሩም።

የጥንቃቄውን ነገር አትዝለሉት። ጥሬ ወተት ሳይፈላ አይጠጣ። የሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ ከላም ወደ ሰው በወተት ይተላለፋሉ፤ «ከሰፈሬ ነው፣ አውቃቸዋለሁ» ማለት ከዚህ አያድንም። እስኪገነፍል አፍሉት። ዕቃችሁ አፉ ሰፊ፣ የሚታጠብ ይሁን፤ የዘይት ጀሪካን ለወተት አይሆንም። ስለ መኖውም ጠይቁ። ሻጋታ የነካው ፋጉሎ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ አለው፤ ላሟ ከበላችው ወደ ወተቱ ያልፋል፣ ማፍላትም አያጠፋውም። መኖውን ከመሬት ከፍ አድርጎ በደረቅ ቦታ የሚያስቀምጥ ሰው ጋ ሂዱ። ዋጋ ሲጨምሩባችሁ ደግሞ ከመቆጣት በፊት «ፉርሽካ ስንት ገባ?» በሉ። መልሱ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ያለው።

ወሩ ሲለወጥ ሳህኑም ይለወጥ

አያቶቻችን ይሄን ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁት ነበር። እኛ ዓመቱን ሙሉ ቲማቲምና ሽንኩርት መክተፍ ስለለመድን ክረምት ላይ ዋጋው ሲሰቀል እንደነግጣለን። ከመስከረም ልጀምር።

መስከረምና ጥቅምት የእሸት ወር ነው። በቆሎው ከነሐሴ ጀምሮ በየመንገዱ ይጠበሳል። የባቄላና የአተር እሸት ከደጋው ይመጣል። የባቄላ እሸት ከነቆዳው ቀቅላችሁ በጨው ብቻ ብሉት። ልጆቼ ከማንኛውም ብስኩት ያስበልጡታል። የመኸሩ ድንችም መውጣት ይጀምራል። ጎመኑ ከክረምቱ ዝናብ የወጣ ስለሆነ ለስላሳ ነው። ጤፍ ግን በዚህ ወቅት በኩንታል አትግዙ፤ አሮጌው እያለቀ፣ አዲሱ ገና አልደረሰም፣ ዋጋው ከፍ ያለበት ጊዜ ነው። ኪሎ ኪሎ እየገዛችሁ ቆዩ።

አደይ አበባው ሲረግፍ ማር ይቆረጣል፣ ከጥቅምት እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ። የዓመት ማራችሁን ያኔ ግዙ። ከባለ ቀፎው ቤት ከነሰፈፉ ብትገዙ ይመረጣል። ማር ሲቆይ ይረጋል፣ አንዳንዱም እንደ ስኳር ይፈተፈታል። ብዙ ሰው ይሄን አይቶ «ስኳር ገብቶበታል» ይላል፤ መርጋቱ ግን የማር ተፈጥሮ ነው። ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ ዕቃውን አስቀምጡት፣ ይመለሳል።

ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር የሽምብራ እሸት አለ። ከነግንዱ ተነቅሎ፣ ታስሮ ይሸጣል። እኔ በዓመት ውስጥ በጣም የምጠብቀው ይሄን ነው። ቤተሰቡ በሙሉ ዙሪያውን ተቀምጦ እየፈለፈለ ያወራል፣ ቴሌቪዥኑ ይረሳል። ጥሬውን ትበላላችሁ፣ ትንሽ ጠበስ ስታደርጉት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። አንድ እስር ስትገዙ ሌላ አንድ ጨምሩ፣ ለጎረቤት።

ጥርና የካቲት የቀለብ ወር ነው። ጤፉ ተወቅቷል፣ ሽምብራው፣ ምስሩ፣ ባቄላው፣ ገብሱ ሁሉ ገብቷል። ዓመቱን የሚያስተዳድራችሁን እህል አሁን ሸምቱ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ጥር ላይ እህል የሚረክሰው ስለበዛ ብቻ አይደለም፤ ገበሬው የማዳበሪያ ብድርና ግብር አለበት፣ ሠርግም ሊደግስ ይችላል፣ ስለዚህ ብር ይፈልጋል፣ በዚያ ጭንቅ ላይ ደላላው ይመጣበታል። እኔ ከጤፍ ደንበኛዬ ጋር የምስማማው ደላላው ከሰጣቸው ትንሽ ከፍ አድርጌ፣ ከተማ ከሚሸጥበት ትንሽ ዝቅ አድርጌ ነው። መሃሉን ተካፈልን ማለት ነው። ክፍያውን በዚያው ቀን፣ ሙሉውን። ዱቤ አልጠይቃቸውም።

ሽሮም የሚዘጋጀው በዚሁ በበጋው ነው፣ ፀሐይ ስላለ። ሽምብራውን ወይም አተሩን ራሳችሁ ገዝታችሁ፣ ለቅማችሁ፣ ቆልታችሁ አስፈጩ። ርካሽ ሽሮ ውስጥ ጓያ ሊደባለቅ ይችላል። ጓያ አንድ ቀን ቢበላ ችግር የለውም፤ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግር ሽባ ያደርጋል። ሽምብራውን በዓይናችሁ አይታችሁ ከገዛችሁት ገበሬ ያስፈጫችሁት ሽሮ ይህ ስጋት የለበትም።

ከመጋቢት እስከ ግንቦት የመስኖው ጊዜ ነው። ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ከመቂና ከባቱ በብዛት ይገባል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ደጃፋችን ባይሆንም ለእኛ በር ቅርብ ነው፣ ዱከም ዳር ዳር ላይም በመስኖ የሚያመርቱ አሉ። ሁዳዴም በዚሁ ስለሚውል ቲማቲሙ ይፈለጋል። በዚህ ጊዜ አንድ ሳጥን ቲማቲም ገዝታችሁ ልጣችሁ፣ አፍልታችሁ፣ ውሃው እስኪመጥ አቆይታችሁ፣ በየአንድ ወጥ መጠን ከፋፍላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። ሐምሌ ላይ ራሳችሁን ታመሰግናላችሁ።

ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ አስቸጋሪዎቹ ናቸው። ክረምት ላይ ቲማቲም በሽታ ይበዛበታል፣ ገበሬውም ደጋግሞ መርጨት ግድ ይለዋል። ሽንኩርትም ይበሰብሳል። ስለዚህ በእነዚህ ወራት ቲማቲምን ከዋናው ምግብ አውጡት። ጎመን፣ ቆስጣ፣ የበልጉ ድንች፣ ቂንጬ፣ በሶ፣ ሽሮ፣ ምስር። በጥር ያከማቻችሁት የሚበላው አሁን ነው። ግቢ ወይም በረንዳ ካላችሁ ጎመንና ቆስጣ በጆንያ አፈር ትከሉ፤ ዝናቡ ያጠጣላችኋል።

ውሃው ከየት ነው?

ይሄን ጥያቄ ቅጠላ ቅጠል በገዛችሁ ቁጥር ጠይቁ። ቅርብ የሆነ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። በትልቁና በትንሹ አቃቂ ወንዝ ዳር ብዙ ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ይመረታል፣ ወንዞቹ ግን የከተማውን ፍሳሽና የፋብሪካ ዝቃጭ ተሸክመው ነው የሚወርዱት። ከቆዳ ፋብሪካ ክሮሚየም ይወጣል፣ ከሌላውም እርሳስና ካድሚየም። ቅጠላ ቅጠል እነዚህን ብረቶች ወደ ውስጡ ይስባል። በደንብ ማጠብ ጀርሙን ይቀንሳል፤ ብረቱን አያወጣውም፣ ማብሰልም አያወጣውም።

በወንዙ ዳር የሚያመርቱት ሰዎች ጥፋተኞች አይደሉም። ወንዙን እነሱ አልበከሉትም፤ ከላይ ያለነው ነን የበከልነው። ግን ልጅ የሚያሳድግ ሰው መምረጥ አለበት። በክረምት ዝናብ የበቀለ፣ በጉድጓድ ውሃ የሚጠጣ፣ ወይም ከከተማው በላይ ባለ ምንጭ የሚለማ ፈልጉ። ሱሉልታ ያለችው የአትክልት ደንበኛዬ መጀመሪያ ይሄን ስጠይቃት እጄን ይዛ ጉድጓዱን አሳየችኝ። የማይነግራችሁ ሰው ካለ ድንችና ባቄላ ከእሱ ግዙ ብዬ እንኳን አልመክርም፣ ሌላ ጋ ሂዱ። በጥሬው የሚበላ ሰላጣ ላይ ደግሞ በጣም ጥንቁቅ ሁኑ፤ የሆድ ትላትልና አሜባ የሚመጣው ብዙ ጊዜ በዚያ ነው።

ገዝቶ ማበላሸት

እኔ አበላሽቻለሁ። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ጆንያ ድንች ገዝቼ በረንዳ ላይ አቆምኩት። ፀሐይ ሲመታው በሁለት ሳምንት አረንጓዴ ሆነ። አረንጓዴ ድንች ይመራል፣ መርዝነትም አለው፣ ስለዚህ ግማሹን ጣልኩት። የዚያ ገበሬ ላብ ነው የጣልኩት። ድንች ጨለማና አየር ይፈልጋል። አትጠቡት፣ ፌስታል ውስጥ አትዝጉት፣ ከሽንኩርት አጠገብ አታስቀምጡት። ከአልጋ ሥር በካርቶን፣ ላዩ ላይ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ።

ጤፍ ደግሞ ከሁሉም የሚመቸው ነው። ፍሬው በጣም ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ደረቅ ሆኖ ከገባ ዓመታት ይቆያል። ጆንያውን ሲሚንቶ ላይ በቀጥታ አታኑሩት፣ ሥሩ እንጨት አድርጉ። ስትገዙ የት እንደተወቃ ጠይቁ። መሬት ላይ በበሬ ከተወቃ አፈርና ጠጠር ይኖረዋል፤ በሸራ ላይ ወይም በማሽን የተወቃው ንጹሕ ነው። «ማኛ ካልሆነ አልፈልግም» አትበሉ፤ ሰርገኛውም ቀዩም ይሞከር። እኛ ቤት ሰርገኛ ነው፣ ዋጋውም ይቀላል፣ እንጀራውም ይጣፍጣል።

ሽምብራና ባቄላ ግን ነቀዝ ይወደዋል። ፒክስ የሚባል ሦስት ንብርብር ያለው ከረጢት አለ፤ በደንብ ከታሰረ አየር ስለማያስገባ ነቀዙ ውስጡ ይሞታል። የነቀዝ ክኒን መኖሪያ ቤት ውስጥ በጭራሽ አትጠቀሙ። ጋዙ ሰው ይገድላል።

አንድ ኩንታል ብቻውን ማመላለስ ያስወጣል። እኛ ብሎክ ላይ ስምንት ቤት ሆነን እንደ ዕቁብ ተደራጅተናል። ጥር ላይ ብር እናዋጣለን፣ አንድ አይሱዙ እንከራያለን፣ ጤፉና ሽምብራው አንድ ቀን ገብቶ ይከፋፈላል። የእኔ ቤት አራት ነን፣ አንድ ኩንታል ጤፍ አራት ወር ገደማ ያስኬደናል። ስምንት ቤት አንድ ላይ ስንገዛ ለገበሬውም ይቀለዋል፤ ምርቱን በአንድ ቀን ለሚያውቃቸው ሰዎች ሸጦ ይገላገላል።

ጊዜ የሌለው ሰው የእሁድ ገበያውን ይሞክር። በየክፍለ ከተማው የሚቆመው ገበያ ላይ የገበሬ ማኅበራትና ዩኒየኖች ያቀርባሉ፣ ነጋዴም አብሮ አለ። ስትገዙ «ማኅበር ናችሁ? ከየት ነው የመጣው?» ብላችሁ ጠይቁ። በማለዳ ሂዱ፣ ጥሩው ከረፋዱ በፊት ያልቃል።

የመጀመሪያ ጉዟችሁን ለዚህ ቅዳሜ ካሰባችሁ ዘንቢልና ባዶ ጆንያ ያዙ። ዝርዝር ብር ያዙ፤ ገበሬዋ ለሁለት መቶ ብር መልስ ፍለጋ ገበያውን እንዳትዞር። የእንቁላል መያዣ ካርቶኑን መልሱላቸው፣ ይፈልጉታል። ዝናብ ከነበረ ደግሞ ቦት ጫማ አድርጉ፤ ጥቁሩ አፈር ሲረጥብ ጫማ ከእግር ይነቅላል።